ከልስን በታች ስላለው ሥራ፤ በሺሺንዳ የተደረገ ምልልስ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዉሽዉሽን አልፎ በሚገኘው በሺሺንዳ ከተማ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰው ሁሉ ጣሪያውንና ግድግዳውን በሚመረምርበት በጥቅምት ወር፣ የአባቷን ቤት ለማስጠገን ያሰበች አንዲት የቡና ነጋዴ ወይዘሮ ከቀድሞ መምህሯ ዘንድ ሄዳ ምክር ጠየቀች። መምህሩ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ኋላም በመንግሥት ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን ያስተማሩ ሰው ስለ ሆኑ፣ ስለ ቆርቆሮ ቢጠየቁ ከቆርቆሮው ተነሥተው ወንጌሉንና ሕጉን ሳይነኩ የማይመለሱ ናቸው፤ ንግግሩ ረዘም ማለቱም ከዚህ የተነሣ ነው።

ወይዘሮዋ፦ መምህር፣ እንደሚያውቁት አባቴ ያሠራው ቤት የጭቃ ነው። ዘንድሮ ጣሪያው በሦስት ቦታ አፈሰሰ፤ በጓሮ በኩል ያሉትም ቋሚዎች ግርጌያቸው በስብሶ ግድግዳው ሆዱን ወደ ውጭ ነፍቷል። አሁን ሁለት ዓይነት ሠሪ ቀርቦልኛል። አንደኛው ሥራውን በቁርጥ ተቀብሎ የቀን ሠራተኛ እየቀጠረ የሚያሠራ ተቋራጭ ነው። ሁለተኛዎቹ ግን አናጢውም ግንበኛውም ልስን ሠሪውም ባንድነት ተደራጅተው ማኅበር ያቆሙ ልጆች ናቸው፤ ቀጣሪ የላቸውም፣ ሠራተኞቹም ባለቤቶቹም ራሳቸው ናቸው ይባላል። የእጅ ዋጋቸው ግን ከተቋራጩ ከፍ ይላል። ለየትኛው ልስጥ?

መምህሩ፦ ከዋጋው በፊት ስለ አሮጌው ቆርቆሮ ንገሪኝ። ካቻምና አስጠግነሽው አልነበረምን?

ወይዘሮዋ፦ አስጠግኜው ነበር። ደላላ ያመጣው አንድ ልጅ በሁለት ቀን ቆርቆሮውን ለውጦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ዝናቡ ሲጀምር ጣሪያው ቢያፈስ ደላላውን ጠየቅሁት፤ «ልጁ እኮ ወደ ቴፒ ወርዷል» አለኝ። ኋላ ሰው አስወጥቼ ባሳይ፣ ሚስማሩ ሁሉ የተመታው በቆርቆሮው ጎድጓዳ ላይ ነው እንጂ በጉብታው ላይ አይደለም፤ ከሚስማሩ ራስ ሥር መግባት የነበረበት ጎማም አልገባበትም።

መምህሩ፦ እንግዲህ የነገሩን ሥር ራስሽ አወጣሽው። ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ነውና በዚያ ላይ ሚስማር መምታት ለዝናብ በር ከፍቶ መስጠት ነው፤ ይህን ደግሞ ቆርቆሮ የመታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በጎድጓዳው በኩል ቆርቆሮው በእንጨቱ ላይ ስለሚያርፍ መዶሻው ያለ ሥጋት ይወርዳል፤ በጉብታው ላይ ሲሆን ቆርቆሮው እንዳይጨፈለቅ እጅን ቈጠብ፣ ዓይንን ተከል ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህም ጊዜ ይፈጃል። ያ ልጅ ዕውቀት አልጎደለውም፤ የጎደለው በሚመጣው ሰኔ ስለዚያ ጣሪያ የሚጠየቅበት ምክንያት ነው። የቤት ጥገና ከብዙ ሌላ ሥራ የሚለየው የመልካምነቱም የክፋቱም ነገር ዓይን በማያየው ስፍራ ተሸሽጎ በመቅረቱ ነው። ቋሚው ከመተከሉ በፊት ለምስጥ መከላከያ ግርጌው የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ እንደ ሆነ፣ የበሰበሰው ማገር ወጥቶ እንደ ሆነ ወይስ በላዩ ተመርጎበት እንደ ሆነ፣ ጭዱ ከጭቃው ጋር በሚገባ ተቦክቶ እንደ ሆነ፣ ልስኑ ከደረቀ በኋላ አንቺም እኔም ልናውቀው አንችልም፤ የሚያውቀው የሠራው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ «ማን ይረክሳል» ከማለትሽ በፊት፣ ማንም ሳያየው አሳምሮ ለመሥራት ምክንያት ያለው ማን እንደ ሆነ ጠይቂ።

ወይዘሮዋ፦ ምክንያቱ ኅሊና አይደለምን? ኅሊና ያለው የቀን ሠራተኛ ጠፍቶ ነው?

መምህሩ፦ አልጠፋም፤ ብዙም አይቻለሁ። እኔ የምመለከተው የሥራው ሥርዓት ያንን ኅሊና የሚያግዘው ነው ወይስ ዕለት ዕለት የሚፈታተነው የሚለውን ነው። ጌታ በወንጌል ስለ መልካሙ እረኛ ሲያስተምር ምንደኛውን ያነሣው፣ በደመወዝ የሚያድር ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አይመስለኝም፤ በጎቹ የእርሱ ስላልሆኑ ተኩላው በመጣ ጊዜ ከመሸሽ የሚያስቀረው ነገር የለውም ለማለት ነው። ተቋራጩ ሥራውን ከአንቺ በቁርጥ ይቀበላል፣ ለሠራተኛው ግን በቀን ይከፍለዋል፤ ስለዚህ ተቋራጩ ቀኑ እንዲያጥር ይጣደፋል፣ ሠራተኛው ቀኑ እንዲበዛ ያዘግማል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ ግን ተቆርቋሪ ያጣል። ከሥራው የተረፈው ገንዘብ የተቋራጩ ነው፣ ከሥራው የሚመጣውም ነቀፌታ የተቋራጩ ነው፤ መዶሻውን የያዘው ሰው ግን በትርፉም ሆነ በነቀፌታው ሱታፌ የለውም። ሠራተኞቹ ባለቤቶች በሆኑበት ማኅበር ሥራው፣ ትርፉና ነቀፌታው ባንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። የምከራከርለት ይህንኑ ነው።

ወይዘሮዋ፦ ለመስማት ደስ ይላል፤ ነገር ግን «ማኅበር» ሲባል ለእኔ ትዝ የሚለኝ አባቴ ስለ ደርግ ጊዜ ይነግረን የነበረው ነው። በሬው ከማኅበሩ ከገባ በኋላ የሚያበላው ጠፍቶ ከሳ፣ በማኅበሩ እርሻ ላይም እጁን የሚያጠነክር አልነበረም ይል ነበር። ባለቤትነትን ለብዙ ሰው ማካፈል ኃላፊነትን በትኖ ማጥፋት አይሆንም?

መምህሩ፦ ብርቱ ጥያቄ ነው፤ አላቃልለውም። የአምራቾች ማኅበራት መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ እየተባሉ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲወጡ የገበሬው መሬትም በሬም ቀስ በቀስ ወደ ማኅበሩ ይገባ ነበር፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የቅይጥ ኢኮኖሚን መርሕ አስታውቀው መውጣት የፈለገ እንዲወጣ ሲፈቀድለት፣ አብዛኞቹ ማኅበራት ጊዜ ሳይወስዱ ፈረሱ። ሰው በፈቃዱ ስላልገባበት በሩ በተከፈተ ጊዜ ባዶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግን በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147፣ ኋላም የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009፣ አባልነት በፈቃድ እንዲሆን፣ የአባሉ ዕጣ ቢበዛም ቢያንስም ድምፁ አንድ እንዲሆን፣ ከትርፉም ለመጠባበቂያ ተቀንሶ የቀረው ለአባላቱ እንዲከፋፈል ይደነግጋሉ። ይህ እንግዲህ በእድርና በእቁብ ላደገ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ሰብሳቢ መምረጥ፣ ገንዘብ ያዥ መቈጣጠር፣ የቀረውን መቅጣት አያቶቻችንም ያውቁት ነበር። ቍጥሩንም ተመልከቺ። በመላው ቀበሌ ገበሬ መካከል አንዱ ቢለግም ማን እንደ ለገመ አይታወቅም፤ አምስት ሰው ባንድ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ግን በጎድጓዳው ላይ የመታው የትኛው እንደ ሆነ ሳይመሽ ይታወቃል፣ ተግሣጹም የሚመጣበት ትርፉን ከሚካፈለው ከባልንጀራው ነው። ባልንጀራ ደግሞ ከአለቃ ይልቅ ይከብዳል፤ አለቃን መሸሽ ይቻላል።

ወይዘሮዋ፦ በቡናው በኩልስ እኛም አይተናል። በኅብረት ሥራ ማኅበር አድርገው ለካፋ የደን ቡና ገበሬዎች ዩኒየን የሚያስረክቡ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ስለ ትርፍ ክፍፍል ሲያወሩ ስሰማ፣ እኔ ነጋዴ ነኝና፣ መቅናቴን አልደብቅም።

መምህሩ፦ ቅናትሽ ይቅር ይባልልሽ። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ። እዚያ ገበሬው የሚያዋጣው ፍሬውን ነው፤ ቡናው ከተሸጠ በኋላ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፣ ጠጪውም ለቃሚውን አያውቀውም። እዚህ ሠራተኛው የሚያዋጣው ጉልበቱንና ስሙን ነው፤ ቤትሽ ከሺሺንዳ የትም አይሄድም፣ ጠጋኞቹም በየገበያው ቀን በደጅሽ ያልፋሉ።

ወይዘሮዋ፦ ስሙን የጠበቀ እንደ ሆነ መልካም፤ ባይጠብቅስ? ሕግ ምን ይረዳኛል?

መምህሩ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ላይ፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ሥራ የተዋዋለ ተቋራጭ፣ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ዐሥር ዓመት ሙሉ ስለ አሠራሩ ደኅንነትና ስለ ሥራው ጽናት ዋስ ነው ይላል። ዐሥር ዓመት! ወደ ቴፒ የወረደው ልጅ ግን እንኳን በዐሥር ዓመት በዐሥር ሳምንትም አልተገኘልሽም። ሕጉ መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን የሚጠየቅ ሰው በስፍራው ተገኝቶ ካልቆመለት ከመጽሐፍ አይወርድም። ማኅበር የሚጠቅምሽ በዚህ ላይ ነው፤ ከአባላቱ አንዱ ቢሰደድ፣ ቢታመም፣ ቢሞትም እንኳ ማኅበሩ በስሙ፣ በማኅተሙና በመዝገቡ ይቈያል፣ ዋስትናውም አብሮት ይቈያል። ከዚህም በላይ ማኅበሩ የቆመው በንግድ ሕጉ መሠረት የኅብረት ሽርክና ማኅበር ሆኖ ከሆነ፣ ማኅበርተኞቹ ለማኅበሩ ዕዳ ባንድነትና በነጠላ፣ ያለ ወሰን ኃላፊዎች ናቸው፤ ይህም ቀድሞ በ1952ቱ ሕግ፣ ዛሬም በ2013 ዓ.ም. በተካው የንግድ ሕግ የጸና ነው። ለአንቺ ሲተረጐም፣ ማኅበሩ የተጠየቀበትን የአናጢውን ጥፋት ልስን ሠሪው ከራሱ ኪስ ሊከፍልሽ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ በራሱ ላይ የሚያንዣብብበት ልስን ሠሪ የበሰበሰ ማገር እያየ ዝም ብሎ የሚለስን ይመስልሻል? ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ወይም በኅብረት ሥራ አዋጁ የተመዘገበ ከሆነ ግን ዕዳው ከማኅበሩ ሀብት አልፎ ወደ አባላቱ ቤት አይገባም፤ ስለዚህ የምዝገባ ወረቀቱን ሳታነቢ አትዋዋዪ።

ወይዘሮዋ፦ ይህንን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ሆኖም መምህር፣ እኅቴ አዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ደርሷት ሄጄ አይቻለሁ። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች የሠሩት ነው ይሉኛል፤ የበሩ መዝጊያ አይገጥምም፣ ከላይ ፎቅ የሚታጠበውም ልብስ ውሃው ከእኅቴ ኮርኒስ ላይ ይታያል። እነዚያስ ባለቤቶች አልነበሩም?

መምህሩ፦ ነበሩ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ያ ትልቅ የቤቶች ሥራ ሲስፋፋ፣ በርና መስኮቱ፣ ብሎኬቱ፣ የቧንቧውና የኤሌክትሪኩ ዝርጋታ ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ተሰጥቶ እጅግ ብዙ ወጣት ሙያ ተማረበት፤ ይህን በጎነት አልክድም። ነገር ግን በሩን የሚሠራው ልጅ በዚያ በር የሚገባውን ሰው አያውቅም ነበር፤ ቤቱ ገና በዕጣ የሚወጣ ነውና። ሥራውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ዋጋውን የሚቈርጠው መሥሪያ ቤት፣ የሚረከበውም መሥሪያ ቤት ነበር። ሠራተኛው የሥራው ባለቤት ቢሆንም ከቤቱ ባለቤት ጋር ፊት ለፊት ካልተያየ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የዚህ ሥርዓት ጥቅም ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ «ማኅበር» የሚለውን ስም ብቻ ሰምተሽ አትመኚ።

ወይዘሮዋ፦ በውጭ አገርስ ሠራተኛው ባለቤት የሆነበት ሥራ ጸንቶ የቆየበት አለ?

መምህሩ፦ አለ። በእስፓኝ፣ በባስክ ምድር፣ ሞንድራጎን በምትባል ከተማ ሆሴ ማሪያ አሪስሜንዲያሪየታ የሚባል ካህን እ.ኤ.አ. በ1941 ተመድቦ መጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለድኾች ልጆች የሙያ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በ1956 ከዚያ የወጡ አምስት ደቀ መዛሙርቱ ኡልጎር የተባለውን የምድጃ መሥሪያ አቆሙ። ያ ጅማሬ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሠራተኞች ያሉበት የማኅበራት ጉባኤ ሆኗል። የኡልጎር ወራሽ የነበረው ፋጎር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ከስሮ ወድቋል፤ ብዙዎቹ ሠራተኞቹ ወደ እኅት ማኅበራቱ ቢዛወሩም መውደቁ አልቀረም። እንግዲህ ባለቤትነት ከገበያ መከራ አያድንም፤ ይህንንም ጨምሬ ካልነገርሁሽ መካሪ አይደለሁም። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ሕግ ሠራተኛው የሚሠራበትን ኩባንያ አክሲዮን ለጡረታው እንዲይዝ መንገድ ከፍቷል፤ ቤት የሚያድሱ ድርጅቶች ሳይቀሩ ወደ ሠራተኞቻቸው እጅ ተላልፈዋል።

ወይዘሮዋ፦ እኛ ዘንድ ግን ባለ እጅ መቼ እንዲህ ተከብሮ ያውቃል?

መምህሩ፦ አልተከበረም፤ ኀፍረታችን ነው። ቤተ መቅደስ የሚያንጹለትን፣ ማረሻ የሚቀጠቅጡለትን፣ ሸክላ የሚሠሩለትን ሰዎች ከማዕዱ የሚያርቅ ሕዝብ፣ ጸራቢው ዮሴፍ ያሳደገውን ጌታ ሲያመልክ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር፤ በዚህ በካፋም ቢሆን ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው እንደ ማንኛውም ጎረቤት የተቈጠሩበት ዘመን ሩቅ አይደለም። «አንተ ልጅ» ተብሎ ተጠርቶ፣ ማታ ሒሳቡን ተቀብሎ በጓሮ በር የሚወጣ ሰው ለቤትሽ ክብር የሚጨነቅበት ምን አለው? በውል ላይ ስሙን ጽፎ የሚፈርም ሰው ግን ሌላ ሰው ነው።

ወይዘሮዋ፦ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ተቋራጩ የጓሮው ግድግዳ እንዳለ ፈርሶ በብሎኬት ይሠራ ይላል። ልጆቹ ግን ስድስቱ ቋሚዎች ብቻ ይለወጡ፣ ግርጌያቸው በድንጋይ ይነሣ፣ ከጣሪያው የሚወርደውም ውሃ በአሸንዳ ይያዝ አሉኝ።

መምህሩ፦ ይህ ብቻውን ልጆቹን አያጸድቅም፤ ምናልባት ተቋራጩ እውነቱን ይሆናል። ሌላ አናጢ ጠርተሽ ቋሚዎቹን በብረት አስወጊያቸው፣ ምን ያህል እንደ በሰበሱ ያኔ ይታወቃል። ነገር ግን ግድግዳው እንዳለ ከፈረሰ የሥራው መጠን የሚበዛለት ማን እንደ ሆነ አስቢ። በእኛ አገር ደግሞ ጠግኖ ማቈየት ሌላም ዋጋ አለው፤ የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እንጨት እንደ ጥንቱ ከጫካ ተቈርጦ አይመጣም፣ የሚገዛው ባሕር ዛፍም በምስጥና በእርጥበት ፊት ብዙ አይቆምም። አሸንዳውን ማሰባቸውን ወድጄዋለሁ፤ ቋሚው የበሰበሰው ከላይ በወረደው ውሃ መሆኑን አስተውለዋል ማለት ነው።

ወይዘሮዋ፦ የዋጋውስ ነገር? ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

መምህሩ፦ የተቋራጩ ዋጋ ያነሰው በምን እንደ ሆነ ጠይቂ። የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ በመቈንጠር ሊሆን ይችላል፤ ቆርቆሮውን በማሳነስም ሊሆን ይችላል፤ የቆርቆሮ ጌጅ ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን እየሳሳ እንደሚሄድ ነጋዴ ሆነሽ አታጪውም። ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩንና ጎማውን ራስሽ ግዢ፤ ከዚያ የሚቀረው የእጅ ዋጋ ብቻ ይሆናልና ሁለቱን ማመዛዘን ይቀልሻል። ካቻምና የከፈልሽውንም ከዘንድሮው ጋር ደምሪው፤ አንድን ጣሪያ ሁለት ጊዜ የጠገነ ሰው ርካሽ ገዛሁ ሊል አይችልም።

ወይዘሮዋ፦ እንግዲህ ለልጆቹ ልስጥ?

መምህሩ፦ አትቸኩዪ። በወረቀት አምስት ሆነው በሥራ ግን አንድ የሆኑ ማኅበራት አሉ፤ ሰብሳቢው ማኅተሙን በኪሱ ይዞ፣ የአራቱን ስም ለፈቃድና ለብድር አውሎ፣ ሥራውን በቀን ሠራተኛ ያሠራል፤ ይህም ያው ተቋራጩ ነው፣ ስሙን ብቻ ለውጧል። ይህን ለመለየት ብዙ ጥበብ አያስፈልግሽም። ሰብሳቢውን ትተሽ ከአባላቱ ዝምተኛውን ለብቻው ጥሪና «ያለፈው ዓመት ትርፍ መቼ ተከፋፈለ? ለአንተስ ስንት ደረሰህ? ሒሳቡን ማን መረመረው?» ብለሽ ጠይቂው፤ ባለቤት የሆነ ሰው እነዚህን ሳያመነታ ይመልሳል። ካለፈው ክረምት በፊት የጠገኑትን ቤት አሳዩኝ በዪ፤ ዝናብ ያልወረደበትን ሥራ ተመልክቶ መፍረድ አይቻልም። ቀብዱን ከሲሶ አታስበልጪ፣ ከጠቅላላው ክፍያም ዐሥረኛውን እጅ እስከ ሐምሌ ማገባደጃ አስቀሪ፤ ይህንንም በውሉ ላይ አስጽፊ። ውሉን ሰብሳቢው ብቻውን አይፈርም፤ በጣሪያሽ ላይ የሚወጡት ሁሉ ይፈርሙ።

ወይዘሮዋ፦ ሁሉም አንፈርምም ቢሉኝስ?

መምህሩ፦ ያን ጊዜ ሥራውን ለተቋራጩ ስጪው፤ እርሱ ቢያንስ አንድ ሰው መሆኑን አልደበቀሽም።